ጽጌረዳ በጅማ ዝናብ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በጽጌረዳ ይጀምራል። ሰበታን አልፎ ወደ ተፍኪ ሲያቀኑ ላስቲክ የለበሱ ረጃጅም ቤቶች በረድፍ ቆመው ይታያሉ። ውስጣቸው የሚበቅለው አበባ ማታ በአውሮፕላን ተጭኖ አብዛኛው ወደ ኔዘርላንድስ ይሄዳል። አገዳው ቀጥ ያለ፣ አናቱ ላይ አንድ ራስ ብቻ የያዘ፣ ቅጠሉ ላይ አንዲት ነጠብጣብ የማይታይበት ጽጌረዳ ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ የሆነችው በዋናነት በእሱ ነው። ከዚያ ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ የጊቤ በረሃ ይከተላሉ። ድልድዩን ተሻግረው አቀበቱን ሲጨርሱ አየሩ ይለወጣል፤ ሶኮሩ ላይ እርጥብ አፈር ይሸታል፤ አሰንዳቦንና ሰርቦን ካለፉ በኋላ ዓይን የሚያርፍበት ሁሉ አረንጓዴ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። እዚያ አትክልት የሚወድን ሰው የሚያስጨንቀው ውርጭ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ለጋው ቅጠል አድሮ ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። ስለዚህ ጅማን በክረምት ሳያት ቅናት ቢጤ አደረብኝ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ቀይ አፈሯ ጥልቅ ነው። ዱላ ቢተክሉ ይበቅላል የሚባልላት አገር ናት። እንዲህ የታደለ አገር ደጁ ሁሉ በጽጌረዳ ይሞላል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አልተሞላም።

ምክንያቱን ለማየት ብዙ መሄድ አላስፈለገኝም። በመንደራና በፈረንጅ አራዳ ሰፈሮች በየቡና ቤቱ በረንዳና በየመኖሪያ ቤቱ ደጅ፣ አፋቸው በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካኖች የተተከሉ ጽጌረዳዎች ነበሩ። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ አብዛኞቹ ራቁታቸውን ቀርተዋል። ረጅም አረንጓዴ አገዳ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ቅጠል፣ አናቱ ላይ ሳይፈነዳ በዝናብ የበሰበሰ እንቡጥ። ከሥር የረገፉትን ቢጫ ቅጠሎች አንሥቼ ሳይ፣ ጠርዛቸው የተበጣጠሰ ጥቁር ክብ ምልክቶች ነበሩባቸው።

“ከሰርግ እቅፍ አበባ ላይ ቆርጬ ነው የተከልኳት” አለችኝ ቡና የምታፈላ ወጣት። “በበጋ ብታያት ሰው ታስቆማለች። ክረምት ሲገባ ግን እንዲህ ትሆናለች። ምን ልርጭባት? ወይስ ልንቀላት?”

በሽታው ጥቁር ነጠብጣብ ይባላል፤ የሚያመጣው ፈንገስ ነው። ዘሩ በዝናብ ፍንጣቂ ከቅጠል ወደ ቅጠል ይሻገራል፤ ቅጠሉ ሳይደርቅ ሰባት ሰዓት ያህል ከቆየ እላዩ ላይ ይበቅላል። ቅዝቃዜም ሙቀትም ያልበዛበት አየር ደግሞ ይስማማዋል። የጅማ ክረምት ማለት ይኸው ነው። በሰበታ መንገድ ያየነው የላስቲክ ቤት ከሚሰጠው ጥቅም አንዱ ዝናብ ቅጠሉን እንዳይነካው ማድረግ ነው፤ ውኃው በቀጭን ቱቦ ሥር ሥሩን ብቻ ይንጠባጠባል። በዚያ ላይ እነዚያ ጽጌረዳዎች በአብዛኛው የቆሙት በራሳቸው ሥር አይደለም፤ በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተቀጥለው ያደጉ ናቸው። ከእቅፍ አበባ ላይ ተቆርጣ ጀሪካን ውስጥ የገባችው ቅርንጫፍ ያንን ሥር ትታ፣ ጣሪያዋን ትታ፣ መድኃኒት የሚረጭላትን ባለሙያ ትታ ነው ወደ ጅማ ዝናብ የወጣችው። ወጣቷ ምንም አላጠፋችም፤ አበባውም አላጠፋም። የተገናኙት ሁለቱ አይተዋወቁም እንጂ።

መልሱን ያገኘሁት ወደ ጅሬን በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ጅሬን እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። ጎብኚው ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይቸኩላል፤ እኔ ዓይኔ የቀረው መንገዱ ዳር ነበር። የዚያ ዳገት ክረምት ያሳዝናል። አንድ ዝናብ በዘነበ ቁጥር በየግቢው አፋፍ ላይ ያለው ቀይ አፈር ታጥቦ ቦዩን ሞልቶ ወደ አወይቱ ወንዝ ይወርዳል። አጥሩ ሥር ድንጋይ የደረደሩ አሉ፤ ቆርቆሮ የከለሉ አሉ። በአንድ ግቢ ግን ከአጥሩ እስከ መንገዱ ያለው አፋፍ በሙሉ ለብሷል። የለበሰውም ጽጌረዳ ነው።

ቆሜ ሳይ የግቢው ባለቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ወጡ። “ባጋ ነጋአን ዱፍተን” ብለው በኦሮምኛ ተቀበሉኝ፤ ወዲያው አማርኛዬን ሲሰሙ፣ “ግቢ ልጄ፣ ዝናብ ላይ አትቁሚ” አሉ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን የጅማ በርጩማ አቀረቡልኝ። ቡናው ሲቀዳ የመጣው ጥያቄ ስኳር ወይስ ጨው የሚል ነበር። ጨው አልኩ፤ ደስ አላቸው። እንግዳ መሆኔ ከዚያ በኋላ የተረሳ መሰለኝ።

አበባዋን በቅርብ ሳያት ከጀሪካኖቹ ጽጌረዳ ጋር የምትጋራው እሾኋን ብቻ ነው። ከፍታዋ ከጉልበት አይበልጥም፤ ወደ ጎን ግን አንዱ ቅርንጫፍ ብቻ ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ተስቧል። አበባዋ ትንሽ ናት፤ ሐምራዊ ወደ ሮዝ ያደላች፣ በዘለላ የምታብብ፣ አንዱ ዘለላ ሲረግፍ ሌላው የሚፈነዳ። ቅጠሏ ጣት ላይ የሚንሸራተት፣ ሰም የተቀባ የሚመስል፤ በአንዱ አጽቅ ላይ ሰባት አንዳንዴም ዘጠኝ ጥቃቅን ቅጠሎች ይደረደራሉ። ዝናቡ እላዩ ላይ ተንከባሎ ይወርዳል እንጂ አያድርበትም። አንዱን ቅርንጫፍ በጥንቃቄ ላነሣ ስሞክር አልነሣ አለኝ፤ አፈሩን የነካበት አንጓ ሁሉ ሥር ሰድዷል። ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁርና ልል ነበር። አልፎ አልፎ ጥቁር ነጠብጣብ የታየባቸው ቅጠሎች አልጠፉም፤ ተክሏ ግን ደንታም አልሰጣት፣ ከላይ በአዲስ ቅጠል ሸፍናቸዋለች።

“ማን ይንከባከባታል?” አልኳቸው።

“ማንም። ችግኝ ሳለች ሁለት ክረምት አረምኩላት። ከዚያ ወዲህ እሷ ራሷ አረሙን ጣለችው። ጥር ላይ ልጄ በማጭድ ይከረክማታል፤ የሚወረውረውን ፍየል ይበላዋል። ሌላ ምን ትፈልጋለች? ጎረቤቴ ናት የሰጠችኝ፤ እኔም ለስንቱ ሰጥቻለሁ።”

ስም የላትም። ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር የግቢ ጽጌረዳ ናት። ቅጠሏና አካሄዷ ግን ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነች ይናገራል። መሬት ለመሬት የሚሳቡት ጽጌረዳዎች ብዙዎቹ የሚወርዱት በጃፓንና በአካባቢዋ በዱር ከሚበቅል አንድ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1862 በተካሄደው የፕሩሲያ የምሥራቅ እስያ ጉዞ የተሳተፈው ማክስ ዊኹራ የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ከዚያ አገር ስለሰበሰበው በስሙ ይጠራል። የዱሩ ተክል መሬት ላይ ተኝቶ ያድጋል፤ ቅጠሉ ያብረቀርቃል፤ አፈር በነካበት ሥር ይሰዳል። አሜሪካውያን በመቃብር ቦታዎችና በተዳፋት ላይ እየተከሉት የመታሰቢያ ጽጌረዳ ሲሉ ሰይመውታል። ከዚህ ዘር እ.ኤ.አ. በ1919 “ማክስ ግራፍ”፣ በ1932 በእንግሊዝ አገር “ዘ ፌይሪ” ወጡ፤ በኋላም ጀርመናዊው ቨርነር ኖአክ ያዳቀላት፣ ገበያው “ፍላወር ካርፔት” የሚላት ጽጌረዳ መጣች። በየመንገድ አካፋዩና በየመናፈሻው የተተከሉት እነዚህ ናቸው፤ መናፈሻ የሚያስተዳድር ሰው መቀስ ይዞ እያንዳንዱን ራስ የሚቆርጥበት ጊዜ የለውምና።

ጀርመኖች ከዚህ ያለፈ ነገር አድርገዋል፤ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝም እሱ ነው። አዲስ ጽጌረዳ ለሕዝብ ይበጃል ከመባሉ በፊት ኤ.ዲ.አር. በሚባል ፈተና ያልፋል። ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ በፈተናው ወቅት ፀረ ተባይና ፀረ ፈንገስ መርጨት ክልክል ነው። በተለያዩ የአገሪቱ ቦታዎች ተተክሎ ለሦስት ዓመት ያህል ይታያል፤ ቅጠሉን ያረገፈ ይወድቃል፣ ቅጠሉን የጠበቀ ምልክቱን ያገኛል። ውበቱ የሚመዘነው ጤናው ከተረጋገጠ ወዲያ ነው።

ይህን ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፤ በቡናው አይቶታልና። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ መግባቱ ሲታወቅ፣ እሸቱን ዛፉ ላይ እያጠቆረ የሚያስቀር መቅሠፍት ነበር። ገበሬው ሁሉ መርጫ ተሸክሞ በየዛፉ ሥር እንዲቆም ማድረግ የሚቻል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጅማ ምርምር ማዕከል፣ በተለምዶ መልኮ የሚባለው፣ ሌላ መንገድ ያዘ። ተመራማሪዎቹ ወደ ቡና ጫካና ወደ ገበሬው ማሳ ገብተው፣ በበሽታው መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን እናት ዛፎች ፈለጉ፤ ዘር ወሰዱ፤ ፈተኑ። 74110፣ 74112፣ 74158 እየተባሉ እስከ ዛሬ በየማሳው የሚጠሩት ዝርያዎች ከዚያ የመጡ ናቸው፤ ፊት ያለው 74 ዛፎቹ የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። በጅማና በአጋሮ ያነጋገርኳቸው ገበሬዎች እነዚህን ቁጥሮች የሚጠሩት የልጆቻቸውን ስም በሚጠሩበት ቅልጥፍና ነው። በቡናው የተሠራው ሥራ በጽጌረዳው የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሄድኩት በኅዳር፣ ለቀማው በተጧጧፈበት ጊዜ ነበር። ከየቡ ጀምሮ በመንገዱ ዳር በተሠሩት አልጋዎች ላይ ቡናው ተሰጥቷል፤ ሴቶች ዙሪያውን ቆመው ይለቅማሉ፣ ያገላብጣሉ። እሸት ቡና ማጠቢያዎቹ ጋ የሚወጣው ሽታ ኮምጠጥ ያለ ነው፤ የለመደው ሰው አይሸተውም። እዚያ አንድ ቤተሰብ ጓሯቸውን አስጎበኙኝ፤ የዚህን ጽሑፍ ዋና ሐሳብ የሰጡኝም እነሱ ናቸው፣ ሳያውቁት።

ጓሮው ሲገቡበት ይቀዘቅዛል። ከላይ ዋንዛና ሰሳ፣ ከሥራቸው ቡናው፣ በየመሃሉ እንሰት። መሬቱ አይታይም። የዋንዛ ቅጠል፣ የቡና ቅጠል፣ የተቆረጠ አረም፣ ዓመት ያለፈው ገለባ ተደራርቦ ይረገጣል፤ እግር ሲያርፍበት ወደ ውስጥ ይላል። አባወራው ጎንበስ ብለው በእጃቸው ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ ያለው አፈር ለሳምንት ዝናብ ሳይጥልም እርጥብ ነው። “አፈር ራቁቱን አይቀመጥም” አሉኝ። “ፀሐይ ይመታዋል፣ ዝናብ ይወስደዋል። ቡና ደግሞ ሥሩ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው።”

ከዚያ ወደ ፊት ለፊት ግቢው ተመለስን። ግቢው በመጥረጊያ ተጠርጎ፣ ተጠርጎ፣ ጠንክሮ ሲሚንቶ መስሏል። አንድም ቅጠል የለበትም። በመሃሉ አራት ጽጌረዳዎች፣ እያንዳንዳቸው ዙሪያቸው በኖራ በተቀባ ድንጋይ ተከበው፣ ሥራቸው ተኮትኩቶ ባዶ ሆኖ ቆመዋል። ቅጠላቸው ቢጫ ነው። የልጅቷ የጠዋት ሥራ እነሱን ውኃ ማጠጣት ነው፤ በበጋ በየቀኑ ካልጠጡ ይጠወልጋሉ።

ንጹሕ ግቢ የቤት ክብር መሆኑን አውቃለሁ፤ በእኛም አገር ሴት ልጅ የምትመሰገነው በተጠረገ ደጅ ነው። እባብና አይጥ እንዳይጠጋ ማድረጉም እውነት ነው። ነገር ግን አንዱ ቤተሰብ፣ በአንዱ አፈር ላይ፣ ከቤቱ በስተጀርባ የሚያውቀውን ከቤቱ በስተፊት አልተጠቀመበትም። ጓሮ ያለው ቡና ለመቶ ዓመት ያለ ማጠጫ የኖረው አፈሩ ስለለበሰ ነው። ደጅ ያለው ጽጌረዳ በየጠዋቱ ባልዲ የሚጠብቀው አፈሩ ስለተገፈፈ ነው። ይህን ስናገር አባወራው ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ቀጥለው ወደ ልጃቸው ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏት። ልጅቷ ከጓሮ አንድ ቅርጫት የበሰበሰ ገለባ ይዛ መጣችና ከአንደኛው ጽጌረዳ ሥር ነሰነሰችው።

ገለባው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። ጀንፈል፣ ማለትም የደረቀው የቡና ፍሬ፣ ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይቀራል። በአጋሮና በጅማ ዙሪያ መፈልፈያ ባለበት ሁሉ የገለባ ክምር ከቤት ጣሪያ ሊበልጥ ምንም አይቀረው። ከፊሉ ይቃጠላል፣ ከፊሉ ዝናብ ጠርጎት ወንዝ ይገባል። ለአትክልት ግን በጣም የሚፈለግ ነገር ነው፤ በተለይ ፖታሽየም አለው፣ አበባ የሚወደው ንጥረ ነገር። አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትኩሱ ገለባ ሲበሰብስ ይግላል፣ የአፈሩንም ናይትሮጅን ለራሱ ይወስዳል፤ እንዳለ ከተክል ሥር ቢነሰነስ ቅጠሉን ያስቢጫል። ከከብት እበት ጋር ተቀላቅሎ፣ እየተገላበጠ፣ ሦስት አራት ወር ከርሞ ሲጠቁርና ሽታው ሲጠፋ ነው የሚሆነው። ያን ጊዜ አራት ጣት ያህል ከፍታ አድርጎ ማልበስ፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ ስንዝር መተው። የአካባቢው አፈር አሲዳማ ስለሆነ ከምድጃ የወጣ አመድ አንድ እፍኝ ቢጨመርበት ጽጌረዳ ታመሰግናለች።

ከአጋሮ ወደ ሊሙ ገነት ስሻገር ተዳፋቱ ይበረታል። በሊሙ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች በተዳፋቱ ላይ የቬቲቨር ሣር በኮንቱር ተተክሎ አየሁ። ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ብዙ ሜትር የሚወርድ፣ አፈር የሚያስር ሣር ነው፤ ለእርሻ ከእሱ የሚሻል አላውቅም። ለቤት ደጅ ግን ሰው ከሣር በላይ ይመኛል። ልጅ የምትዳርበት፣ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ዒድና ፋሲካ የሚከበርበት ቦታ ነው። አፋፉን የምታስር፣ የምታብብም ተክል ቢኖር መልካም ነው፤ የጅሬኗ ጽጌረዳ ሁለቱንም ታደርጋለች።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ጽጌረዳዎች ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቀጋን ደገኛ ሁሉ ያውቀዋል። ነጭ አበባው በአጥር ላይ ሲፈነዳ መንደሩን ያውደዋል፤ ቀይ ፍሬውን ከብት ስንጠብቅ ለቅመን በልተናል፤ እሾኹ የለበሰውን አጥር ጅብ አይደፍረውም። ሳይንስ በሐበሻ ስም ነው የመዘገበው፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ ይህ ብቻ ነው። ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ባለው ከፍታ ይገኛል፤ ማለትም ከጅማ ከተማ ከፍ ብሎ። ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነገር ደግሞ ቀጋና ያ የጃፓኑ ተሳቢ ጽጌረዳ በዕፅዋት አመዳደብ የአንድ ጎራ መሆናቸው ነው። ቀጋ ሽቅብ ይወጣል፣ ያኛው መሬት ላይ ይተኛል፤ ዘመዶች ግን ናቸው።

ሁለተኛዋ የትግራይ ናት። አሺል ሪሻር የተባለው ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1847 ጀምሮ ባሳተመው የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፉ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የምትተከል፣ ከቁመቷ ይልቅ ወደ ጎን የምትሰፋ፣ ነጣ ያለ ሮዝ አበባ ያላትን ጽጌረዳ ቅድስት ብሎ መዝግቧታል። እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1888 በግብፅ ሐዋራ ከጥንት መቃብር ያወጣውን የደረቀ የአበባ ጉንጉን የመረመረው የዕፅዋት ሊቅ ክሬፓን፣ ጉንጉኑ ውስጥ ያሉት ጽጌረዳዎች ከዚችው ጋር አንድ ናቸው ብሏል። ከፍሬምናጦስ ጋር ክርስትና ሲገባ አብራ የገባች ናት የሚል ግምትም ቀርቧል። ግምቱ ትክክል ሆነም አልሆነ፣ ዝቅ ብላ የምትሰፋ ጽጌረዳ ያለ መድኃኒት ርጭት፣ ያለ ባለሙያ፣ በካህናትና በምእመናን እጅ ብቻ ለዘመናት በአገራችን ኖራለች። ተሳቢ ጽጌረዳ ለኢትዮጵያ ባዕድ ናት የሚለኝ ካለ ይህንን ነው የምነግረው።

የጅሬኗ እናት ካስተማሩኝና ራሴም ከማውቀው፣ ለመትከል ለሚያስብ ሰው የሚጠቅመውን ልጻፍ። የመጀመሪያው ሥራ ሰርዶን ማጥፋት ነው። እሾኻማው ቅርንጫፍ መሬቱን ከሸፈነ በኋላ እጅ አይገባበትም፤ ሰርዶ ከሥር ከቀረ ተክሏን ሰንጥቆ ይወጣል። ስለዚህ በበጋ መሬቱን ቆፍሮ፣ ሥሩን አንድ በአንድ ለቅሞ፣ በፀሐይ ማድረቅ ይገባል። ይህ ድካም ነው፤ ግን አንዴ ነው። ችግኝ መግዛትም አያስፈልግም። ሰኔ ሲገባ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ስንዝር የሚሆን፣ ሦስት አራት አንጓ ያለው ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፎ፣ ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ እንዲገባ አድርጎ ከጥላ ሥር መትከል ነው። በጅማ እርጥበት ወር ተኩል ሳይሞላ ሥር ይይዛል። ከዚያም የቀለለ መንገድ አለ፤ ከእናቲቱ ላይ አንዱን ረጅም ቅርንጫፍ መሬት ላይ አስተኝቶ ድንጋይ መጫን፣ ሥር ሲሰድ ቆርጦ መውሰድ። ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ወይም ሦስት ተክል ይበቃል። በራሷ ሥር የቆመች ስለሆነች ፍየል እስከ አፈሩ ቢግጣት እንኳ እንደገና የምትወጣው እሷው ናት፤ በሌላ ሥር ላይ የተቀጠለችዋ ግን ብትቆረጥ የምትወጣው ሌላ ናት።

ፍየልን ያነሣሁት በዋዛ አይደለም። በአጋሮም በሊሙም ከብትና ፍየል በመንገድ ይለቀቃል፤ እሾኹ ፍየልን አይመልሰውም፣ ለጋውን ጫፍ ፈልጎ ይበላዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ማጠር ግድ ነው። ከዋንዛና ከቡና ጥላ ሥርም አትሆንም፤ በቀን ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ ትፈልጋለች። ልጆች የሚሮጡበት መተላለፊያ ዳርም አትተከል። ቦታዋ አፋፍ ነው፣ የአጥር ግርጌ ነው፣ ውኃ የሚሸረሽረው ተዳፋት ነው። ክሽክሽ በበጋ ለጋ ጫፏ ላይ ሊወጣባት ይችላል፤ ውኃ አጠንክሮ መርጨት ይበቃል።

በጥር መከርከም የሚለውን ምክር ብዙ ሰው አያምንም፤ ሁሉም በአበባ ላይ እያለች መቁረጥ ያሳሳዋል። ነገር ግን ከመጋቢቱ ዝናብ በፊት ግማሽ ድረስ ከተቆረጠች፣ ዝናቡ ሲመጣ በአዲስና በጤነኛ ቅጠል ትቀበለዋለች። የተቆረጠውንና የረገፈውን አሮጌ ቅጠል ጠርጎ ማውጣትም ይገባል፤ የጥቁር ነጠብጣቡ ዘር የሚከርመው እዚያ ላይ ነው። መጥረጊያው ሥራ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ጅማ የእርሻ ትምህርት ቀደምት ቤት ናት። እ.ኤ.አ. በ1952 የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲከፈት በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያንን ወርሶ የአትክልትና ፍራፍሬ ባለሙያዎችን ያስመርቃል። በከተማዋ የኮሪደር ልማት በየመንገዱ ዳር ሣርና አበባ እየተተከለ ነው። ለዚህ ሥራ የላስቲክ ቤት ዝርያ ወይም ከሩቅ የመጣ በየሳምንቱ መርጫ የሚፈልግ ተክል መምረጥ የከተማውን ገንዘብ በዝናብ ማሳጠብ ነው። ኮሌጁ በግቢው አንድ ተዳፋት ቦታ ለይቶ፣ ከጅሬን፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ ግቢዎች እነዚህን ስም የለሽ ተሳቢዎች ቢሰበስብ፣ የውጮቹንም ከጎናቸው ቢተክል፣ ሦስት ክረምት ያለ አንዳች ርጭት ቢመለከታቸው፣ ለከተማውም ለገበሬውም የሚታደል ዝርያ ይኖረዋል። ከቀጋ ጋር የማዳቀሉንም ሐሳብ አንድ ወጣት ተመራማሪ ቢያነሣው ደስ ይለኛል።

እስከዚያው በጅማም ሆነ በቡናው አገር ደጅ ያላችሁ ሁሉ፣ በመጪው ሰኔ ቅጠሏ የሚያብረቀርቅ ተሳቢ ጽጌረዳ ያላቸውን ጎረቤቶቻችሁን ለምናችሁ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ውሰዱ። ሥሯን በበሰበሰ ገለባ አልብሱ፤ ምንም አትርጩባት። ጥቅምት ሲደርስ ቅጠሏን የጠበቀችውን አባዙና ለሌላ ስጡ፤ ያረገፈችውን ንቀሉ።